ሚክሰሩ አልተበላሸም፤ ድምፁ መንገድ ላይ ቀርቷል

ደንበጫ ላይ፣ የጥር ሰርግ ነው። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል፤ እልልታው ቀልጧል። ዘፋኙ ማይኩን አነሳና አፉን ከፈተ። ምንም የለም። የማይኮቹን ድምፅ ሰብስቦ ወደ ስፒከር የሚልከው ሚክሰር በርቷል። የዘፋኙ ቻናል (የማይኩ መስመር) ላይ አረንጓዴው መብራት ከጉሮሮው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች ቁልፍ፣ ፌደሩ፣ ቦታው ላይ ነው። ድምፅ የሚዘጋው ሚውትም አልተጫነም። ስፒከሩ ግን ጭጭ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ተቃጠለ መሰለኝ» አለኝ። የሙሽራው አጎት ደግሞ ከኋላ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ኧረ ወንድም ዓለም፣ ያንን የድሮውን ብታመጣው አይሻልም ነበር?» አሉ።

አልተቃጠለም። ቅድም ከላፕቶፕ ሙዚቃ ሲለቀቅ፣ ማይኮቹ እንዳያፏጩ ብሎ ልጁ የድምፃውያኑን ዲሲኤ አውርዶት ነበር። ደግ አደረገ። ዲሲኤ ብዙ ቻናሎችን በአንድ እጅ የሚይዝ ፌደር ነው። እሱ ሲወርድ በሥሩ ያሉት ሁሉ ይወርዳሉ፤ የራሳቸው ፌደር ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ልጁ በስተቀኝ ያሉትን ፌደሮች ወደ ሞኒተር (መድረክ ላይ ያሉት ራሳቸውን የሚሰሙበት ስፒከር) ገጽ ቀየራቸው። ዲሲኤው ከዓይናችን ጠፋ። ሥራውን ግን አላቆመም። ለማግኘት 40 ሰከንድ ያህል ፈጀብኝ። ሙሽራ በር ላይ ቆሞ 40 ሰከንድ ምን ያህል እንደሚረዝም የደረሰበት ያውቀዋል።

ይህን የምጽፈው ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ዲጂታል ሚክሰር ይዘው ለሚሠሩ፣ ወይም ሊገዙ ለሚያስቡ ልጆች ነው። ስልክ ደውለው የሚጠይቁኝ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ተበላሸ፣ ምን ላድርግ?» ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ድምፁ የሆነ ቦታ ላይ መንገድ ስቷል፣ ወይም በር ተዘግቶበታል። ሥራው ያንን በር መፈለግ ነው።

የማይታየው ፌደር

የድሮው ሚክሰር ሞኝ ነበር፤ ግን ግልጽ ነበር። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሥራ። ሁሉ ነገር ፊትህ ተዘርግቷል። ጠጋ ብለህ ብታየው ያለቦታው የተጠመዘዘውን ታገኘዋለህ።

ዲጂታሉ እንደዚያ አይደለም። በፈረንጆቹ 2012 ወጥቶ በየአገሩ የተሰራጨውን ቤሪንገር ኤክስ 32 እንውሰድ። 32 የማይክ መግቢያ አለው። ወደ ሞኒተርና ወደ ኢፌክት (እንደ ማሚቶ ያለ ማሳመሪያ) የሚሄዱ 16 መስመሮች አሉት። 8 ዲሲኤ አለው። ፌደሮቹ ግን 25 ብቻ ናቸው። ሂሳቡ አይገጥምም። ስለዚህ አንዱ ፌደር እንደየገጹ ሥራውን ይቀያይራል። አሁን ማሲንቆ የሆነው ፌደር አንዲት ቁልፍ ስትነካ ኪቦርድ ይሆናል። ሌላ ስትነካ ደግሞ ለከበሮ መቺው ሞኒተር የሚሄደው የዘፋኙ ድምፅ ይሆናል። ፌደሩ ሞተር ስላለው በራሱ ዘሎ ቦታውን ይይዛል። መጀመሪያ ያየው ሰው ጋኔን የገባበት ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚሠራው አንድ ስህተት አለ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ፌደሮቹ ወደ ሞኒተር የሚላከውን መጠን እያሳዩ ሳለ፣ ዋናውን ድምፅ የምታስተካክል ይመስልሃል። ኪቦርዱ በዝቷል ብለህ ታወርደዋለህ። ሕዝቡ ጋ ምንም አልተለወጠም። መድረክ ላይ ግን ዘፋኙ ቃናውን የሚይዝበት ኪቦርድ ጠፋበት፤ በዓይኑ ይፈልግህ ጀመር። አንተ ደግሞ አሁንም ስለበዛብህ ጨምረህ ታወርዳለህ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እጅህ ፌደር ላይ ከማረፉ በፊት የት ገጽ ላይ እንዳለህ አንብብ። ለቻናሎቹም ስም ስጣቸው። «ቻናል 7» ማንንም አይረዳም። «ዋሽንት» ይረዳል።

ቦዩን ይዞ ሽቅብ

መራዊ አጠገብ የቆጋን መስኖ ያየ ሰው የሚቀጥለውን በቀላሉ ይረዳዋል። ውሃው ከግድቡ ወደ ዋናው ቦይ፣ ከዋናው ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ማሳ ይሄዳል። ማሳው የደረቀበት ገበሬ ማሳው ላይ ቆሞ አፈር አይጭርም። ቦዩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ የቱ ጋ እንደተዘጋ ያያል።

ድምፅም እንደዚያው ነው። ከማይኩ በኬብል ይነሳል። ስቴጅ ቦክስ (መድረክ ላይ የሚቀመጥ የማይክ መሰኪያ ሳጥን) ካለ እዚያ፣ ከሌለ በሚክሰሩ ጀርባ ይገባል። ጌይን ያጎላዋል። ከዚያ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ራውቲንግ የሚባለው ክፍል ወደ አንዱ ቻናል ይመራዋል። ቻናሉ ውስጥ በጌት፣ ወፍራምና ቀጭኑን ድምፅ በሚያስተካክለው ኢኪው፣ በኮምፕረሰር አልፎ ፌደሩ ጋ ይደርሳል፤ ጌትና ኮምፕረሰርን ኋላ አነሳቸዋለሁ። ከፌደሩ ወደ ዋናው መውጫ፣ ከመውጫው ወደ ስፒከር።

ድምፅ ሲጠፋ ሌላ ምንም ሳትነካ የቻናሉን የድምፅ መብራት እይ። ሰውየው ሲናገር ይንቀሳቀሳል? ከተንቀሳቀሰ ማይኩም ኬብሉም ጌይኑም ነጻ ናቸው። ችግሩ ከዚያ በታች ነው፤ ሚውት፣ ፌደር፣ ዲሲኤ፣ ወይም ቻናሉ ወደ ዋናው መውጫ አልተላከም። ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ፌደር መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ወደ ማይኩ ውጣ። በአንድ እይታ ግማሹ መንገድ ከጥርጣሬ ወጣ ማለት ነው።

ደንበጫ ላይ መብራቱ እየጨፈረ ነበር። የላፕቶፑ ሙዚቃም ከደቂቃ በፊት ሲሰማ ስለነበር መውጫውና ስፒከሩ ነጻ ናቸው። የሚጠረጠረው በሁለቱ መካከል ያለ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። እኔ ግን ደንግጬ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ስፒከሩ ነው። ከ40ው ሰከንድ አብዛኛውን የበላው እሱ ነው።

ቀጥለህ ስንት ቻናል እንደሞተ ቁጠር። አንድ ብቻ ከሆነ ማይኩ ወይም ኬብሉ ነው፤ ደህናውን አምጥተህ ቀይረው። የማይኩ ማብሪያ ተዘግቶም ይሆናል። አትሳቅ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪውን እይ። ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ 48 ቮልት ፋንተም (ከሚክሰሩ በኬብሉ የሚላክለት ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፤ ካላበራህለት አይናገርም።

ስምንት ቻናል በአንድ ላይ ከሞተ ግን ኬብል አይደለም። ስምንት ኬብል ተማክሮ አይሞትም። ኤክስ 32 መግቢያዎቹን ስምንት ስምንት አድርጎ ነው የሚመራቸው። ባለፈው እሁድ አንድ ጉባኤ ላይ በስቴጅ ቦክስ ሠርተህ ያስቀመጥከውን ሲን (ሙሉውን የሚክሰር አቀማመጥ) ዛሬ ከፈትከው እንበል። ዛሬ ማይኮቹን የሰካኸው በሚክሰሩ ጀርባ ነው። እሱ ግን አሁንም ስቴጅ ቦክሱን እያዳመጠ ነው። አንተ እዚህ ትጠራዋለህ፣ እሱ ማዶ ጆሮውን ቀስሯል። ራውቲንግ ገጽ ገብተህ ወደ ሎካል (ወደ ሚክሰሩ የራሱ መግቢያ) ስትመልሰው ሁሉም በአንዴ ይነቃሉ።

ስቴጅ ቦክሱ ላይ ያለው በሙሉ ከጠፋ፣ ወይም በድምፁ መሃል «ቲክ ቲክ» የሚል ነገር ከመጣ፣ ያቺን አንዲት የኔትወርክ ገመድ ጠርጥር። ሁሉም ነገር የሚያልፈው በእሷ ነው። የቢሮ ኮምፒዩተር የሚያያዝበት ተራ ገመድ ቤት ውስጥ ሞክረኸው ይሠራል። ድንኳን ውስጥ ግን ይረገጣል፣ ይጎተታል፣ በጥር ደረቅ አየር ደግሞ የሰው ልብስና ምንጣፍ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መከለያ ያለው፣ ጫፉ ብረት የሆነ ገመድ ግዛ። ርዝመቱ 80 ሜትር ባያልፍ ጥሩ ነው። በመሃል አትቀጥለው። በኢንተርኔት ራውተር ወይም ስዊች ውስጥም አታሳልፈው፤ ሶኬቱ ይመሳሰላል እንጂ ቋንቋቸው ሌላ ነው። ገመዱ ደህና ሆኖ «ቲክ ቲክ» ካላቆመ ክሎክ የሚለውን ገጽ እይ። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ሰዓት መሄድ አለባቸው፤ ሚክሰሩ ይመራል፣ ስቴጅ ቦክሱ ይከተላል።

ማይክ ቴስት ይዋሻል

ጎጃም ውስጥ ሳውንድ ስትሠራ አንድ ነገር አይቀርልህም። መሃል ላይ አንድ ሰው ብድግ ይላል። ጋቢውን ወደ ትከሻው ጣል ያደርጋል። ማይኩን ከዘፋኙ እጅ ይቀበላል። ከዚያ ሽለላ ነው። ዘፋኙ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያላወጣውን ድምፅ እሱ በአንድ ትንፋሽ ያወጣዋል። ሚክሰርህ ላይ ያለው ቀይ ሁሉ ይበራል። ስፒከሩ እንደሚቀደድ ሸራ ይንጣጣል።

ጥፋቱ የሸላዩ አይደለም። ጠዋት «አንድ፣ ሁለት፣ ቴስት» ስትል ጌይኑን ያስተካከልከው በራስህ ቀዝቃዛ ድምፅ ነው። ቀን ላይ የሚመጣው ሌላ ፍጡር ነው።

የድሮ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። በድሮው ሚክሰር ዜሮ ማለት «ደህና ነው» ማለት ነበር። ከዜሮ በላይ ብዙ ክፍት ቦታ ስላለ መብራቱ ቀይ ቢነካም ብዙ አይከፋም። በዲጂታሉ ዜሮ ማለት ጣሪያ ነው። ከጣሪያው በላይ ቁጥር የለም። ድምፁ እዚያ ሲደርስ አናቱ ተቆርጦ ይቀራል፤ የተቆረጠውን የሚመልስ ምንም ነገር የለም። ፌደሩን ብታወርደው የተቆረጠውን ድምፅ ቀስ ብለህ ታሰማለህ እንጂ አታድነውም። ስለዚህ ጌይን ስታስተካክል ድምፁ በአማካይ ከዜሮ በታች 18 ዴሲቤል አካባቢ ይዋል። ሲጮህ ከዜሮ በታች 6 ላይ እንዲቆም አድርግ። መብራቱ መሃል ላይ ሲውል ያነሰ ይመስልሃል። አላነሰም። ዋንጫ እስከ ከንፈሩ ሞልተህ ጠላ አትይዝበትም።

እኔ ሳውንድ ቼክ ላይ አንድ ጉሮሮ ያለው ልጅ እጠራና «ፎክርልኝ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ያፍራል። ሁለተኛ ጊዜ ሲለምኑት ከምር ይፎክራል። ጌይኑን በዚያ እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ጌይን አልነካም፤ ምክንያቱም ጌይን ከሁሉም በላይ ነው። እሱን ስትነካ የሞኒተሩም፣ የጌቱም፣ የኮምፕረሰሩም መጠን አብሮ ይናወጣል። ድምፅ ሲያንስብህ ፌደሩን ግፋ።

ለቀረው ኮምፕረሰር አለ። ሥራው ከአንድ መስመር በላይ የወጣውን ድምፅ ማጎንበስ ነው። 4 ለ 1 አድርገኸው ድምፁ መስመሩን በ12 ዴሲቤል ቢያልፍ፣ የሚወጣው ከመስመሩ 3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ለሽለላ ማይክ ይህ ግድ ነው። ግን አታብዛው። በኮምፕረሰር አጎንብሰህ በሌላ በኩል ድምፁን ስታነሳው፣ ትንንሹ ድምፅም አብሮ ይነሳል፤ ፉጨቱም ከዚያ ይመጣል።

ጌት ደግሞ የኮምፕረሰር ተቃራኒ ነው። ከአንድ መጠን ያነሰውን ድምፅ ይዘጋዋል። ለከበሮ ጥሩ ነው። ለሰው ማይክ ግን ባትከፍተው እመርጣለሁ፤ የምርቃቱን ነገር ስላየሁ። ሽማግሌው ተነሱ፤ ማይኩን ከደረታቸው አጠገብ ይዘው በለሆሳስ መመረቅ ጀመሩ። ጌቱ ድምፃቸውን ጫጫታ መስሎት እየዘጋ ይከፍተዋል። ከስፒከሩ የሚወጣው የቃላቸው ቁርጥራጭ ነው። ሕዝቡ ግን ምን እንደተባለ ሳይሰማ «አሜን» ይላል።

ከበሮው ለምን ይሳሳል?

ይህን ለብቻው የማነሳው ብዙ ልጅ ሲንገላታበት ስላየሁ ነው። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊውና ጠባቡ። ቡድኑ ደህና ገንዘብ ካለው በሁለቱም ፊት ማይክ ይደረጋል። ለየብቻ ስታዳምጣቸው ሁለቱም ያምራሉ። አብረህ ስትከፍታቸው ግን ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል። ልጁ ኢኪው ላይ ወፍራሙን እየጨመረ ይውላል፤ አይመለስም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰፊው ፊት ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ በኩል ካለው ማይክ ይሸሻል። ውስጡ ያለው አየር ሲገፋ ጠባቡ ፊት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወደ ሁለተኛው ማይክ ይቀርባል። አንዱ ማይክ «ሂድ» ሲል ሌላው «ና» ይላል። ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። መፍትሔው አንዲት ቁልፍ ናት። ቻናሉ ላይ ክብ ሆና በጭረት የተቆረጠች ምልክት አለች፤ ፖላሪቲ ትባላለች። በአንዱ ቻናል ላይ ብቻ ተጫናት። ድምፁ የወፈረበትን ተው። ካልወፈረ መልሳት። አንድ ማይክ ብቻ ካለህ ደግሞ ከነጭራሹ ይህ ራስ ምታት የለብህም። በሰፊው ፊት አድርገው፣ ይበቃል።

ፉጨት

ፉጨት ማለት ድምፁ ከስፒከር ወጥቶ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ፣ እንደገና ሲወጣ፣ እንደገና ሲገባ ነው። በየዙሩ ያድጋል። ሁሉም ድምፅ አይደለም የሚያድገው፤ ድንኳኑ፣ ስፒከሩና ማይኩ ተስማምተው የመረጡት አንድ ድምፅ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቀጭን ጩኸት ብቻ የምትሰማው።

ዲጂታሉ እዚህ ላይ በእውነት ይክሳል። ስክሪኑ የትኛው ድምፅ እንደሚጮህ እንደ ግራፍ ያሳይሃል። እንግዳ ሳይመጣ ሞኒተሩን ቀስ እያልክ ጨምር። ማፏጨት ሲጀምር ግራፉ ላይ አንድ ምሰሶ ብቅ ይላል፤ እንበል 2,500 ኸርዝ። እዚያች ቦታ ላይ ጠባብ አድርገህ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንስ። እንደገና ጨምር፣ ሌላ ይመጣል። ሦስት አራት ቦታ ከቆረጥክ በኋላ ተው። ከዚያ በላይ ከሄድክ የምትቆርጠው ፉጨቱን ሳይሆን የዘፋኙን ድምፅ ነው።

ከኢኪው በፊት ግን ቦታ ይቀድማል። ብዙው የመድረክ ማይክ ከኋላው በኩል አይሰማም። ሞኒተሩ መቀመጥ ያለበት ከማይኩ ጭራ ትይዩ ነው። ዘፋኙ የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ ሲሸፍነው ያ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ማሲንቆ ደግሞ ለብቻው ነው። ሳጥኑ በቆዳ የተወጠረ ስለሆነ ሞኒተሩ ሲጮህ ቆዳው አብሮ ይርገበገባል። ባለ ማሲንቆውን ከስፒከር አርቀው። ለሰው ድምፅ ሁሉ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የሚያስወግደውን ፊልተር አብራ፤ ድንኳኑን የሚያርገበግበው ነፋስም የመድረኩ ዱብ ዱብታም እዚያ ይቀራል።

ምጣዱና ጀነሬተሩ

አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላይ ሚክሰሩ በየጊዜው እየጠፋ ይነሳ ነበር። ይጠፋል፣ ስፒከሩ «ዱም» ይላል፣ ይነሳል። ሙቀት ነው አልኩ። ማራገቢያ ፈለግኩ። በመጨረሻ አንዲት እናት በጓሮ በኩል እንጀራ ሲጋግሩ አየሁ። ምጣዱና ሚክሰሩ ከአንድ መስመር ነው የተሳቡት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ከቤቱ እስከ ድንኳኑ በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ይህ ሲጨመር ቮልቴጁ ይወድቃል። የድሮው ሚክሰር ትንሽ ይደበዝዝ ነበር። ዲጂታሉ ኮምፒዩተር ነው፤ ከአንድ መጠን በታች ሲወርድበት ይጠፋና እንደገና ይጀምራል። «እትዬ፣ ሙሽራው እስኪገባ ምጣዱን ያጥፉልኝ» ብዬ መለመኔን አልረሳውም። እንጀራው ይበልጣል ነበር የተባልኩት። ከዚያ ወዲህ ሚክሰሩን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) አላስነሳም። ስፒከሩ ቢጠፋ እንኳ ሚክሰሩ ነቅቶ ይጠብቃል።

ጀነሬተር ስትከራይ ደግሞ የከፍታውን ነገር አስብ። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ነው፤ ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል። የጀነሬተር መመሪያዎች በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል ይላሉ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስምንት ጊዜ 3.5 ማለት 28 በመቶ ነው። 5 ኪሎ ዋት የሚል ጀነሬተር እዚያ የሚሰጥህ 3.6 ገደማ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር አካባቢ ትንሽ ትሻላለች። ጽሑፉን አምነህ ሙሉ ጭነት አትጫንበት። መጀመሪያ አስነሳው፣ ይረጋጋ፣ ከዚያ ሰካ። ስትከፍት ሚክሰሩ ይቅደም፣ ስፒከሩ ይከተል። ስትዘጋ ስፒከሩ ይቅደም።

«እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከመጣ ያ 50 ኸርዝ ነው፤ ከመብራቱ የመጣ። ብዙ ጊዜ ከላፕቶፑ ቻርጀር ነው። ቻርጀሩን ንቀለው፤ ከጠፋ አገኘኸው። ላፕቶፑን በዲአይ ቦክስ (በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል በሚገባ ማገናኛ ሳጥን) አሳልፈህ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ተጫን፤ የመሬቱን ግንኙነት በድምፅ ገመዱ ላይ ብቻ ያቋርጣል። የሶኬቱን የመሬት ሽቦ ግን እንዳትቆርጥ። ጩኸቱ ይጠፋል፤ ማይኩን በከንፈሩ የነካ ሰውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ታብሌት ይዘህ ድንኳኑን እየዞርክ መሥራት ደስ ይላል። ባዶ ድንኳን ውስጥ ዋይፋዩ ዳር እስከ ዳር ይሠራል። 500 ሰው ሲገባ ግን የሰው ገላ ሞገዱን ይውጠዋል፤ በየኪሱ ያለው ስልክም ያጨናንቀዋል። ራውተሩን ከሰው ራስ በላይ ስቀለው፤ 5 ጊጋ ኸርዙን ተጠቀም፤ የይለፍ ቃል አድርግበት። ሚክሰሩ አጠገብም ሁሌ ሰው ይኑር። ስክሪኑ ቢደርቅና ድምፁ ግን ቢቀጥል፣ መብራት አጥፍተህ አታብራ። በብዙዎቹ ድምፁን የሚሠራው ክፍል ከስክሪኑ የተለየ ነው፤ ዝግጅቱ እስኪያልቅ በታብሌት ጨርሰው።

ድንኳኑ ረጅም ከሆነና ከመሃል ሌላ ስፒከር ካስቀመጥክ፣ ከፊት ያለው ድምፅ እስኪደርስበት ለእሱ መዘግየት ስጠው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 20 ሜትር ላይ ላለ ስፒከር ወደ 58 አድርገው። ደጋ ስለሆንን ድምፅ ይዘገያል የሚል ሰው ገጥሞኛል። ከፍታው አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀትና ብርዱ ነው፣ እሱም ለእኛ ሥራ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ደንበጫ ላይ ሌሊቱ ሲያልቅ ኬብል እየጠቀለልኩ ነበር። ያ አጎት ተመልሰው መጡ። ፊታቸው በርቷል። «ወንድም ዓለም፣ የፎከርኩትን ቀድተኸዋል አይደል?» አሉኝ። ሸላዩ ለካ እሳቸው ኖረዋል። ሚክሰሩ ላይ ፍላሽ መሰኪያ አለ፤ ዋናውን ድምፅ በቀጥታ ይቀዳል። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር። አሁን ለሚክሰሩ ኃይል ከሰጠሁ በኋላ መጀመሪያ የምሰካው እሱን ነው፤ የዕለቱንም ሲን በከተማውና በቀኑ ሰይሜ እዚያው ላይ አስቀምጠዋለሁ።